ቃሌ ተነቦልኝ

አንባቢዎቼ፣ ስለ ራሱ ክፉ ነገር የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይቅርታ የሚያገኝበትን በር አስቀድሞ ከፍቶ ነው የሚጀምረው። እኔም ይህን ታሪክ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም የተውኩት ያን በር ስፈልግ ነው። አላገኘሁትም። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ እነግራችኋለሁ፤ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ጊዜው ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ የነበሩበት፣ ባቡሩም በአቃቂ በኩል እያፏጨ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድበት ዘመን ነው። ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ከሐዲዱ ብዙ በማትርቅ አንዲት ትንሽ የፖሊስ ጣቢያ በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ጣቢያዋን ዛሬ ብትፈልጓት አታገኟትም፤ ቦታዋ ላይ ጎሚስታ ተከፍቶበታል። ሥራዬ ተከሳሽና ከሳሽ የሚናገሩትን መጻፍ፣ የጻፍኩትን መልሼ ማንበብና ማስፈረም ነበር። አባቴ የሞተው ልጅ ሳለሁ ነው። በዚህ ዓለም ላይ ያለኝ ሀብት እናቴና የእጅ ጽሑፌ ብቻ ነበሩ። የእጅ ጽሑፌ ግን ያምር ነበር፤ ይህን ስል አላፍርም፣ የማፍርበት ሌላ ነገር ስላለኝ። አንድ ሰው ወረቀት አንስቶ «ይቺን ማን ጻፋት?» ሲል ጆሮዬ ይቆም ነበር።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። እሱ ሲሞት ከጓደኞቹ መካከል ቤታችን መምጣት ያላቋረጡት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ጋሽ ደቻሳ። ጋሽ ደቻሳ ሐዲዱና የመኪናው መንገድ የሚቋረጡበትን መሻገሪያ ይጠብቁ ነበር። ባቡር ሲመጣ ሰንሰለት ስበው መንገዱን ይዘጋሉ፣ ይቆልፋሉ፣ ቀይ ባንዲራቸውን ይዘው ይቆማሉ፤ ባቡሩ ሲያልፍ ይከፍታሉ። አባታቸው ከሐዲዱ ማዶ የአንድ ትልቅ ባለርስት ጭሰኛ ነበሩ። እኚህን ባለርስት ፊታውራሪው እላቸዋለሁ፤ ስማቸው ይቅር። ጋሽ ደቻሳ የሸሚንደፈር፣ የባቡር ድርጅቱን ካፖርት የለበሱ ቀን ከፊታውራሪው እጅ የወጡ መስሏቸው እንደነበር እናቴ ትነግረኝ ነበር።

ጋሽ ደቻሳ ፊደል አልቆጠሩም። አንድ ልጃቸው ለማ ድሬዳዋ በባቡር ጋራዥ ተቀጥሮ ስለነበር በሁለት በሦስት ወር ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው የደረሰ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እጠራለሁ። ሚስታቸው ጫልቱ በርጩማ ታቀርብልኛለች፤ አነባለሁ። ከዚያ «ድገመው» ይሉኛል። ሁለተኛውን ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። አንድ ጊዜ ለማ ታምሞ ሁለት ሳምንት መተኛቱን ጽፎ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ላስደነግጣቸው አልፈለግኩምና ዘለልኩት። ድምፄ ተቀይሮ ነው መሰለኝ ወዲያው ነቁብኝ።

«ዘለልክ» አሉ።

«ምንም አይደል ጋሽ ደቻሳ፣ ትንሽ አሞት ነበር ነው የሚለው።»

«ያለውን አንብብልኝ ልጄ። ክፉም ቢሆን የሱ ነው።»

አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል ዘልዬባቸው አላውቅም። ለጎረቤት ሁሉ «ዓይኔ እሱ ነው» እያሉ ይናገሩልኝ ነበር፤ እኔም እኮራበት ነበር።

ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ ጣቢያው ውስጥ ተቀምጬ ብዕሬን ቀለም ስሞላ የባቡሩን ፉጨት ሰማሁ። ባቡር ሲደርስ ያፏጫል፣ ያቆማል። የዚያን ቀን ግን ፉጨቱ አልቆም አለ። ቀጥሎ የብረት መፋጨት፣ ቀጥሎም የሴቶች ጩኸት መጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለት ፖሊሶች ጋሽ ደቻሳን እጃቸውን አስረው አስገቧቸው። ቆባቸው የለም። ከግራ ዓይናቸው ሥር እስከ አገጫቸው ሰንበር ወጥቶ ደም አቅሯል።

አንድ ባለጋሪ ባቡር ገጭቶት ሞቷል። እኔም አውቀው ነበር፤ ገበያተኛ የሚያመላልስ ተጫዋች ሰው ነው። ሚስትና ልጆች አሉት።

የጣቢያው ሹም መቶ አለቃ ነበር። ቃላቸውን እንድጽፍ አዘዘኝና ወጣ ገባ ይል ጀመር። ጋሽ ደቻሳ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። ወንበር አልነበረም ማለቴ አይደለም። ለተያዘ ሰው ወንበር አይሰጥም ነበር፤ ለተያዘ ድሃ ማለቴ ነው።

«ይናገሩ ጋሽ ደቻሳ» አልኳቸው።

«ምን እናገራለሁ፣ ዋቅ አይቶታል» አሉ። ሲጨንቃቸው እግዜርን በኦሮምኛ ነበር የሚጠሩት። «ባቡሩ ሲያፏጭ ሰንሰለቱን ሳብኩ፤ ቆለፍኩ። ጋሪውም ገበያተኛውም ቆመ። ያ ጥቁር መኪና መጣ። ጥሩምባውን ነፋ። ‹ባቡር ነው ጌታዬ፣ ጥቂት ይታገሡ› አልኩ። የፊታውራሪ ልጅ ከመኪናው ወረደ። ‹የአባቴ ጭሰኛ ልጅ ነው እኔን መንገድ ላይ የሚያቆመኝ?› አለ። በአለንጋ ፊቴን መታኝ። ቁልፉን ከእጄ ነጠቀ፤ ከፈተ፤ ሰንሰለቱን ጣለ። መኪናው አለፈ። ባለጋሪው መንገዱ የተከፈተ መስሎት ተከተለ። ባንዲራዬን ይዤ ሮጥኩ ልጄ፤ አልደረስኩም።»

እንዳሉት ጻፍኩ። እንዲያውም ከሁልጊዜው አሳምሬ ጻፍኩት። መልሼም አነበብኩላቸው፤ «ልክ ነው» አሉ። የማኅተሙን ቀለም ሳወጣ መቶ አለቃው ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለኝ። ቆሞ አነበበው። ከዚያ «አሻራው ይቆይ» አለና እሳቸውን ወደ ግቢው አስወጣቸው።

ደጅ ላይ ቅቤና እንቁላል ይዘው ገበያ የወጡ አራት አምስት ሴቶች «እኛ ነበርን፣ አይተናል» እያሉ ቆመው ነበር። መቶ አለቃው ብቅ ብሎ «ስትፈለጉ ትጠራላችሁ» አላቸው። ስማቸውን ጻፍ አላለኝም። እኔም ልጻፍ ወይ አላልኩም።

ስድስት ሰዓት ላይ ፊታውራሪው መጡ። መቶ አለቃው የራሱን ወንበር በመሐረሙ ጠርጎ ሰጣቸው፤ እሱ ቆመ። ሻይ ታዘዘ። እኔ ጥግ ላይ አጎንብሼ የምጽፍ መስዬ እሰማለሁ።

«የሞተው ማነው አሉ?» ጠየቁ ፊታውራሪው።

«አንድ ባለጋሪ ነው ጌታዬ።»

«ነፍስ ይማር። ለተዝካሩ በሬ እሰድላቸዋለሁ።» ሻያቸውን ፉት አሉ። «ልጄ ደንግጦ ተኝቷል። የሰው አስከሬን አይቶ አያውቅም። ያ የመሻገሪያ ዘበኛስ?»

«ተይዟል ጌታዬ።»

«ደግ።»

ይኸው ነው። እመኑኝ፣ ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ዋሹልኝ አላሉም፣ ጉቦ አልሰጡም፣ አልተቆጡም። ሻዩን እንኳ አልጨረሱትም። ብዙ ዓመት ካሰብኩበት በኋላ ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው፤ ለሳቸው ማዘዝ እንኳ አላስፈለጋቸውም።

እሳቸው እንደሄዱ መቶ አለቃው የጠዋቱን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀልድ ያውቃል፣ እናቴን ሲያገኛት ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላታል።

«ይሄ ሰውዬ ደንግጧል። የደነገጠ ሰው ቃል ቃል አይባልም። በሥርዓቱ እንደገና ጻፍልኝ።»

«ምን ብዬ ጌታዬ?»

«እውነቱን ነዋ! ባቡሩ ሲደርስ ሰንሰለቱ ተቆልፎ ነበር?»

«አልነበረም።»

«መቆለፍ ያለበት ማነው?»

«ጋሽ ደቻሳ።»

«ታዲያ! ቁልፉን ቤቴ ረስቼ ሳልዘጋ ቀረሁ ብለህ አስተካክለው። ሰው ይረሳል፤ መርሳት ኃጢአት አይደለም። ሌላውን ዳኛው ያየዋል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ይፈልጋል። ዳኛው ጽሑፍህን አይተው ስለ አንተ ጠይቀውኛል።»

«ይሄን ሳነብላቸው አይፈርሙም ጌታዬ» አልኩ።

«አንተን ያምናል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለና ወጣ።

ስለ ጉልበቴ መራድ፣ ስለ እንባዬ ብጽፍላችሁ ትንሽ በቀለለኝ። ግን አላለቀስኩም። አዲስ ወረቀት አወጣሁ፣ ኅዳጉን በማስመሪያ አሰመርኩ፣ ጻፍኩ። «ሰንሰለት የምዘጋበትን ቁልፍ በቤቴ ረስቼ በመሄዴ መንገዱን ሳልዘጋ ባቡሩ ስለደረሰ ሟች ለሞት በቅቷል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የምጽፋትን ጻፍኩ፦ «ቃሌ ተነቦልኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጬ በጣት አሻራዬ ፈርሜያለሁ።» ከመስመሯ ማማር የተነሣ ለአፍታ ቆሜ እንዳየኋትም አስታውሳለሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ነበርኩ።

የልጅየውን ቃል እኛ አልተቀበልንም፤ ከፊታውራሪው ቤት ተጽፎ፣ ተፈርሞ መጣልን። አንደኛ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ተብሎ ዶሴው ውስጥ ገባ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ደቻሳን መልሰው አስገቧቸው። ፊደል ያልቆጠሩ ሁለት ፖሊሶች እማኝ ሆነው በሩ ላይ ቆሙ። ሕጉ ለማያነብ ሰው ቃሉ ይነበብለት ይላል። ምን ተብሎ እንደተነበበለት ግን የሚያውቀው አንባቢው ብቻ ነው። የዚያን ቀን አንባቢው እኔ ነበርኩ።

ወረቀቱን አነሣሁ። ዓይኔን አዲሱ ጽሑፍ ላይ አድርጌ አፌ የጠዋቱን አነበበ። በቃሌ ይዤው ነበር፤ በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። ጥቁሩን መኪና አነበብኩ። አለንጋውን አነበብኩ። ገጽ መገልበጥ ያለብኝ ቦታ ላይ ገለበጥኩ። እሳቸው እንደ እሁዱ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

«እስቲ ያቺን ቦታ ድገማት» አሉኝ። «ቁልፉን ከእጄ የነጠቀባትን።»

ጣቴን ወረቀቱ ላይ አደረግኩ። ጣቴ ያረፈበት ቦታ ላይ «ቁልፍ በቤቴ ረስቼ» ይላል። «ቁልፉን ከእጄ ነጠቀ፤ ከፈተ፤ ሰንሰለቱን ጣለ» ብዬ ደገምኩላቸው።

«ይኸው ነው» አሉ፤ ፊታቸው ፈካ። «አንዲት አልጨመርክ፣ አንዲት አልቀነስክ። ዳኛ ያነበዋል አይደል?»

«ያነበዋል።»

አውራ ጣታቸውን ሰጡኝ። እጃቸውን ይዤ ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አንከባለልኩት። ሲነሡ «ጫልቱን አይዞሽ በላት። ቃሌ ተጽፏል በላት» አሉኝ።

ጫልቱ ከግቢው በር ውጪ ምግብ ቋጥራ ተቀምጣ ነበር። ስወጣ ብድግ አለች። «አይዞሽ፣ ቃላቸው ተጽፏል» አልኳት። እጄን ሳመችው።

እናቴ ማታ ራት ስታቀርብ ነገሩን ጠየቀችኝ። የፊታውራሪው ልጅ አለበት አልኳት፤ የራሴን ግን ዋጥኩት። «ምን ይደረግ ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» አለች። ያቺን ተረት እንደ መድኃኒት ዋጥኳትና ተኛሁ። አዎ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሦስተኛው ቀን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዶሴውን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። የፊታውራሪው ልጅ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዕድሜው ከኔ አይበልጥም። የባለጋሪው ሚስት ጥቁር ለብሳ ከሴቶቹ ጋር ኋላ ቆማለች። እነዚያ ገበያተኞች ደጅ ናቸው፤ የጠራቸው የለም። ጋሽ ደቻሳ ቆመው ሲያዩኝ በራሳቸው ሰላም አሉኝ። አልፈሩም ነበር። ቃላቸው ተጽፏላ።

ልጅየው ተጠየቀ። እሱ ሲደርስ መንገዱ ክፍት እንደነበር ተናገረና ተቀመጠ። ከዚያ ዳኛው የጋሽ ደቻሳን ቃል ማንበብ ጀመሩ። «ቁልፍ በቤቴ ረስቼ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጋሽ ደቻሳ እጃቸውን አወጡ።

«ጌታዬ፣ ወረቀቱ የኔ አይደለም። ተሳስቶ የሌላ ሰው መጥቶ ይሆናል።»

«አሻራው ያንተ አይደለም?»

ወረቀቱን አሳዩአቸው። አሻራን ማን ይስታል። «እሱስ የኔ ነው» አሉ። «ግን እንደዚያ አላልኩም። ያልኩትን ያ ልጅ ያውቃል።» በጣታቸው አመለከቱኝ። «እሱ ያንብበው ጌታዬ። እሱ ሲያነበው እንዲህ አይደለም።»

ሰው ሳቀ። ዳኛውም ፈገግ ብለው ወረቀቱን ዘረጉልኝ። «በል አንተ አንብብለት፤ ይውጣለት።»

ከተቀመጥኩበት እስከ ዳኛው ጠረጴዛ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። መቶ አለቃው ግድግዳውን ተደግፎ የቆቡን አቧራ ያራግፋል፤ አላየኝም። በዚያች ስድስት እርምጃ ውስጥ ሁለት መንገድ ነበረኝ። «ጌታዬ፣ ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያነበብኩላቸው ሌላ ነው» ማለት እችል ነበር። ምን ያደርጉኛል? ከሥራ ያባርሩኛል፣ ምናልባት ያስሩኛል። ደግሞስ ማን ያምነኛል አልኩ። ሰው ለራሱ ሲሆን ምክንያት አይቸግረውም። ወረቀቱን ተቀበልኩና አነበብኩ። ከዚያ ወረቀት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈውን አነበብኩላቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ የባለጋሪው ሚስት እየጮኸች ወደ ፊት መጣች። «ልጆቼን ያለ አባት ያስቀረህ አንተ ነህ! ቁልፍ ረሳሁ ትላለህ!» ፊታቸው ላይ ልትተፋ ስትል ያዟት። እስከ ዕለተ ሞቷ ጠላቷ ጋሽ ደቻሳ መስለዋት ኖረች። እሱንም ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ደቻሳ ሴትየዋን አላዩአትም። የፊታውራሪውን ልጅ አላዩትም። እኔን ነው የሚያዩት። ቁጣ ባገኝባቸው እወድ ነበር፤ አንድ ነገር ጠፍቶበት እንደሚፈልግ ሰው ነበር የሚያዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ እሁዱ፣ ጠየቁኝ።

«የለማንም ደብዳቤ እንዲህ ነበር የምታነብልኝ?»

«ምን አለ?» አሉ ዳኛው።

«ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም» ተባለና መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ቀረ። ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፈው።

አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። የባቡር ድርጅቱ ለጋሽ ደቻሳ ሰጥቷቸው የነበረውን ቤት ጫልቱ ለቀቀች። ከወር በኋላ እናቴን ስታገኛት የለማን ደብዳቤዎች በሙሉ በጨርቅ ቋጥራ ሳሪስ አቦ አንድ መሪጌታ ዘንድ ወስዳ እንደገና ማስነበቧን ነገረቻት። ሁሉም ልክ እኔ እንዳነበብኳቸው ሆነው ተገኙ። ጫልቱ ደስ ብሏት ይህንኑ ለባሏ እስር ቤት ድረስ ሄዳ ነገረቻቸው። ጋሽ ደቻሳ ግን «መሪጌታውስ ያነበበልሽ ትክክል መሆኑን በምን አወቅሽ?» አሏት። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ቀና ብላ አላየችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴም ስታወራኝ ዓይኔን ማየት ቀነሰች፤ ምን እንደሠራሁ አልጠየቀችኝም፣ አልነገርኳትም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሥራውን እምቢ አለ ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ አዝናለሁ። ከሦስት ወር በኋላ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆንኩ። ጡረታ እስክወጣ በዚያው ሥራ ኖሬያለሁ። እርግጥ ከዚያ ወዲያ ፊደል ለማያውቅ ሰው ያነበብኩትን ሌላ ሰው ጠርቼ ሳላስደግም አስፈርሜ አላውቅም። ባልደረቦቼ «ጥንቁቁ» ይሉኝ ነበር። ደግነት አድርጋችሁ አትቁጠሩልኝ፤ እሳት ያቃጠለው ሰው ከምድጃ የሚርቀው ለምድጃው አዝኖ አይደለም።

የእናቴን ተረትም መልሼ መልሼ አስቤዋለሁ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። የፊታውራሪው ልጅ ግን ንጉሥ አልነበረም። ቁልፍ የነጠቀ ወጠጤ ነበር። ሰማይ ያደረግነው እኛ ነን፤ ወንበር የጠረገው መቶ አለቃ፣ ያልጠየቁት ዳኛ፣ ከሁሉም ይልቅ ኅዳግ ያሰመርኩት እኔ። ሕግ ለሁሉ እኩል ነው የሚል ሰው ስሰማ ዛሬም አልከራከርም። ሕጉማ እኩል ነበር፤ ለሁለቱም ቃላቸው ይጻፍ ይላል። የአንዱን ቃል እሱ ጻፈው፤ የሌላውን እኔ ጻፍኩት።

አሁን ከልጄ ጋር ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ታክሲው በቃሊቲ ሲያልፍ ለታሰረ ሰው ምግብ ቋጥረው የሚወርዱ ሴቶች አሉ። አንዷ ጎኔ ከተቀመጠች ወርዳ እስክትሄድ እጄን ኪሴ ውስጥ አደርጋለሁ። ጫልቱ የሳመችው እጅ ይኼ ነው።

የቀረችኝን ላውጋችሁና ላብቃ።

ንጉሡ ወረዱ፤ የፊታውራሪውም መሬት ተወረሰ። ያ የመሠረተ ትምህርት ዘመን መጣ፤ ሽማግሌና ባልቴት ደብተር ይዞ ቀበሌ የሚሰለፍበት ጊዜ። ጋሽ ደቻሳ ከታሰሩበት ከወጡ ቆይተዋል፤ ሳሪስ አንድ ወፍጮ ቤት ዘበኛ መሆናቸውን ሰማሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል፤ የአለንጋው ሰንበር ጠባሳ ሆኖ ቀርቷል። አወቁኝ።

«ተቀመጥ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ሰባት ዓመት ስለማመደው የከረምኩት ንግግር ነበረኝ። «ጋሽ ደቻሳ፣ ያን ቀን ያነበብኩልዎ…»

«አውቃለሁ።»

«ለምን እንዳደረግኩት ልንገርዎት።»

«አትንገረኝ» አሉ፤ ሳይቆጡ። «አንተ ስትናገር ደስ ይላል። ያኔም ደስ ይል ነበር።»

ጉልበታቸው ላይ አንድ የታሸገ ደብዳቤ አለ። የለማን ጽሕፈት ከሩቅ አወቅኩት። ማኅተሙን ሳየው ከተላከ ወር አልፎታል፤ አልተከፈተም። ቃሉ ቀድሞኝ ከአፌ ወጣ።

«ላንብብልዎት?»

ከካፖርታቸው ኪስ የፊደል ገበታ አወጡ። ጥጎቹ ተበልተዋል። በጥፍራቸው ምልክት ያደረጉበትን አሳዩኝ። «ቀበሌ እማራለሁ። ‹ነ› ላይ ደርሻለሁ። ይቆይልኛል።» ከዚያ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፣ ፖስታውን በጥንቃቄ ቀደዱት። ወረቀቱን ዘርግተው ጣታቸውን የመጀመሪያው ቃል ላይ አሳረፉ። ያው ያ አውራ ጣት ነው።

«ለ…» አሉ። ቆዩ። «ተ…»

ሦስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። ገበታውን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ እንደገና ገበታውን አዩ። «ከ» ናት። «ለተከበሩ አባቴ» ነው የሚለው፤ ለማ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጀምረው። ከ «ነ» ሁለት ፊደል አልፎ ያለች ናት። ላግዛቸው አፌን ከፈትኩ።

እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ፤ ባቡር ሲመጣ ሰው እንደሚያስቆሙት። ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ተወው ልጄ» አሉ። «እኔው እደርስበታለሁ።»